ትንሿ ሞተርሽ አትበቃሽም ላሉኝ ክቡር ኃላፊ

ለክቡር የስምሪት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ትንሽ ሞተር ለነባር ሠራተኛ ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለወገብዎ፣ ለደም ግፊትዎ እንዲሁም በአዲሱ ቢሮዎ ለተተከለው የአየር ማቀዝቀዣ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ እርስዎ ደህና ከሆኑ እኛ በፀሐይ የምንዞረው ሠራተኞችም ደህና መሆናችን አይቀርም ብዬ አምናለሁና። ስለ እኔ ቢጠይቁ፣ ከጥቂት የጉልበት ሕመምና ከብዙ ድካም በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤታችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ከእርስዎ መመሪያ አጠገብ ለመለጠፍ የተገደድኩት ከዚህ ያጠረውን ሦስት ጊዜ ለቢሮዎ አስገብቼ ሦስት ጊዜም «ደርሷል» የሚል ማኅተም ብቻ ተመትቶበት ስለተመለሰልኝ ነው። ለማኅተሙ አመሰግናለሁ፤ ቀለሙ ደማቅ ነው።

ማን እንደሆንኩ ምናልባት አያስታውሱኝ ይሆናል። በስብሰባ ላይ ከሁሉ ኋላ የምቀመጠው፣ ቁመቴ ከወንበሩ መደገፊያ እምብዛም የማይበልጠው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነኝ። ሥራዬ በየቤቱ በር ላይ ያለውን ቆጣሪ አይቶ ቁጥሩን መመዝገብ ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት መሥሪያ ቤቱ ከመጋዘኑ ትንሿን ሞተር አውጥቶ ሰጥቶኛል። በእግሬ ረግጬ ሳስነሳት አንዴ ዘለል ስለምትል ባልደረቦቼ ፌንጣ አሏት፣ ስሙም በዚያው ጸናባት። መቶ ሃያ አምስት ሲሲ ናት፤ ካቴናዋ ሦስት ጊዜ፣ መቀመጫዋ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ የግራ ስፔኪዮዋ ግን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ባለፈው ወር ያወጡት መመሪያ ጀማሪ ሞተር ለነባር ሠራተኛ በቂ አለመሆኑን፣ የመሥሪያ ቤቱንም ገጽታ እንደማይመጥን አትቶ፣ ከሁለት ዓመት በላይ ያገለገለ አንባቢ ሁሉ ትንሿን መልሶ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳውን እንዲረከብ፣ ፈተናውን ያላለፈ ግን ከመስክ ተነሥቶ መዝገብ ቤት እንዲቀመጥ ያዛል። የሚበቃኝንና የማይበቃኝን ለማወቅ እስከዚህ ድረስ የተጨነቀልኝ ሰው በዕድሜዬ አልገጠመኝም፤ ባለቤቴ እንኳ በሠርጋችን ሰሞን ይህን ያህል አልተጨነቀም። ስለዚህ ምስጋናዬን በይደር አቆይቼ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ ስለ ጀማሪነቴ። ከፌንጣ ጋር በመጣችው ቀጭን የአጠቃቀም መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለጀማሪ አሽከርካሪዎች ተስማሚ» ተብሎ መጻፉን አልክድም። የመምሪያዎ ባለሙያዎች ይህችን መስመር አግኝተው፣ ጀማሪ ሞተር የሚነዳ ሁሉ ጀማሪ ነው ብለው በየማኅደራችን ስላሰፈሩት፣ እኔም በአሥራ አንደኛ ዓመቴ ጀማሪ ሆኜ አረፍኩት። በዚሁ መሠረት ለአምስት ቀን የጀማሪዎች ሥልጠና ተጠርቼ፣ አምና እኔው ራሴ የፍሪሲዮን አያያዝ ካሳየኋቸው አራት ወጣቶች ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ፍሬን ምን ማለት እንደሆነ ተምሬአለሁ። አሠልጣኙም የዛሬ ስድስት ዓመት በፌንጣ ላይ ያለማመድኩት ልጅ ነበር፤ ዐይን ዐይኔን ላለማየት አምስቱንም ቀን ሰሌዳውን አስተማረው፣ እኔም እንዳያፍር ብዬ ማስታወሻ የምይዝ እመስል ነበር። የምስክር ወረቀቱን ባለቤቴ በቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ የሚስቅበት ነገር ሲያጣ ቀና ብሎ ያየዋል።

ሁለተኛ፦ ስለ ፈተናው። ፈተናው የተሰጠው በመጋዘኑ ግቢ ሲሆን፣ ስምንት የፕላስቲክ ምልክቶች ተደርድረው በመካከላቸው እየተጠማዘዝን፣ በመጨረሻም ቀጥታውን በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር እንድንነዳ ታዘዝን። ለማስታወስ ያህል፣ እኔ በየሃያ እርምጃው የምቆም ሰው ነኝ፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ማርሽ ያስገባሁባቸውን ቀናት በጣቶቼ ልቆጥርልዎ እችላለሁ። ሆኖም ስልሳውንም ነዳሁ፣ ምልክቶቹንም አንድ ሳልነካ አለፍኩ። የወደቅኩት ስነዳ አይደለም፤ ከጨረስኩ በኋላ ቆሜ ነው። ትልቁ ሞተር ላይ ስቀመጥ መሬት የሚደርሰው የግራ እግሬ አውራ ጣት ብቻ በመሆኑ፣ አውራ ጣቴ ደግሞ መቶ ሰማንያ ኪሎ ብረት እንዲሸከም ስላልተፈጠረ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተጋደመ፣ እኔም አብሬው ተጋደምኩ። መላው ሠራተኛ እያየ ነበር። ፈታኙ በቅጹ ላይ «አሽከርካሪዋ ለሞተሩ አትበቃም» ብሎ ጻፈ። እኔ እንግዲህ የተጠየቀው ሞተሩ ለእኔ ይበቃ እንደሆነ መስሎኝ ነበር፤ ጥያቄው በምን ሰዓት እንደተገለበጠ እስካሁን አልገባኝም፣ ግራ ገብቶኝ ቀርቷል።

ሦስተኛ፦ ስለ መንገዱ። የእኔ መስመር ከዋናው መንገድ ከፀጉር አስተካካዩ ሱቅ ጎን ይጀምርና በሰፈሩ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ቦታ ሁለት እጆችዎን ቢዘረጉ ግራና ቀኙን አጥር ይነካሉ። የቆጣሪ ሳጥኖቹ በየበሩ ከጉልበት ከፍ ብለው በግንቡ ውስጥ ስለተቀበሩ፣ በፌንጣ ላይ ሆኖ ጎንበስ ያለ ሰው ሳይወርድ ያነባቸዋል። ሞተር ሳላጠፋ፣ ጓንቴን ሳላወልቅ፣ አንዱን ሰፈር በአርባ ደቂቃ እጨርሳለሁ። ትልቁ ሞተር ግን መሪው ሰፊ ነው፤ ቢገባ እንኳ መዞሪያ የለውምና ወደ ኋላ እየገፉ ማውጣት ነው። እኔን የተካው ረጅሙ ባልደረባዬ ይህን በመጀመሪያው ቀን ስለተረዳ፣ ሞተሩን ፀጉር አስተካካዩ በር ላይ አቁሞ በእግሩ ይገባል። ስለዚህ አሁን መሥሪያ ቤቱ ሁለት መቶ ሃምሳ ሲሲ የሚያክል ሞተር ፀጉር ቤት በር ላይ አስቀምጧል፤ ገጽታችን በእርግጥ ተሻሽሏል፣ ፀጉር የሚቆረጡ ሰዎች ሁሉ ያደንቁታል። ከቀትር በኋላ ያሉት ቤቶች ጊዜ ስለማይበቃ በግምት እየተሞሉ ነው፤ ይህን ስል ግን ባልደረባዬን እንዳይቀጡብኝ፣ ጥፋቱ የእግሩ አይደለም።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎም የሚጠቅም አንድ እውነት ልናገር፤ ዋሸች እንዳልባል። ፌንጣ ሁልጊዜ አትበቃኝም። ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ ታቃስታለች፣ ወገቤን አጥፌ በመሪው ላይ ብተኛላትም ከሩጫ አትሻልም፤ አንድ ቀን ከኋላው ጆንያ ሽንኩርት የጫነ ብስክሌተኛ ደህና ዋልሽ ብሎኝ አልፎኛል። ንፋስ ከፊት ሲመጣ ደግሞ ወደ ኋላ የምንሄድ ይመስለኛል። የባለቤቴ ወንድም በመጣ ቁጥር አሁንም በዚህችው ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔም አንድ ሰሞን ተመኝቼ፣ ትልልቆቹን በሱቅ መስኮት እያየሁ መንገዴን አዙሬ አልፍ ነበር። ምኞቱ የለቀቀኝ ቀስ በቀስ ነው። ዳገቱ በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ሰፈሩ ግን በየቀኑ ነው። በየቀኑ የምሄድበት ላይ ከበቃችኝ በቃችኝ አልኩና ተውኩት።

አራተኛ፦ ይህ ነው ቅሬታዬ፤ እስካሁን ያለው መንደርደሪያ ነበር።

በቆጣሪው መስታወት ውስጥ፣ ከቁጥሮቹ ጎን፣ የምስር ፍሬ የምታክል ቀይ ኮከብ አለች። ውሃ ጠብታም ቢሆን ካለፈ ትዞራለች። ከጥቁሮቹ ቁጥሮች ቀጥሎ ደግሞ ሊትር የሚቆጥሩ ሦስት ቀይ አኃዞች አሉ፤ ለሂሳብ ስለማያስፈልጉ መሥሪያ ቤቱ አይጠይቀንም። እኔ ግን አያቸዋለሁ። በመስመሬ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰባት አዛውንት አሉ፤ የንባብ ቀናቸው በወር አንድ ቢሆንም፣ በየቀኑ በዚያ ሳልፍ ጎንበስ ብዬ ቀይዋን ቁጥር አያለሁ። ከትናንቱ ከጨመረች ሰው ፊቱን ታጥቧል፣ ውሃ ጥዷል ማለት ነው፤ ነዳጄን ሰጥቼ አልፋለሁ። ይህ በሥራ መዘርዝሬ ላይ የለም፣ ማንም አላዘዘኝም፣ አበልም አልጠየቅኩበትም። የዛሬ ሁለት ዓመት የአንድ ጡረተኛ አናጢ ኮከብ ያለማቋረጥ ስትዞር አይቼ በሩን ባንኳኳ፣ ቧንቧውን እንደከፈተ ራሱን ስቶ ወድቆ አገኘነው፤ ዛሬ ደህና ነው፣ ባየኝ ቁጥር ለፌንጣ ሰላምታ ይሰጣል።

ከሰባቱ አንዷ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው ስለተቀበሉ ሁሉም እማማ አዋላጅ ይላቸዋል። በራቸው አረንጓዴ ነው፤ ከጉልበት ከፍ ብሎ አንድ ረጅም ጭረት አለበት። አንድ ልጃቸው በወጣትነቱ እንደ ፌንጣ ያለች ትንሽ ሞተር ከጎረቤት ተውሶ ሲለማመድ የጫረው ነው፤ በሩ ሁለት ጊዜ ቀለም ሲቀባ ቀቢውን ያችን ቦታ እንዳይነካ ቆመው ጠብቀዋል። በንባቤ ቀን ሁሉ ይህንኑ ይነግሩኛል፣ እኔም ሁልጊዜ አዲስ እንደሰማሁ እሆናለሁ። ልጁ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል ይላሉ፤ ሲሉም አንገታቸው ቀና ይላል።

ፌንጣ ዓርብ ከሰዓት በመጋዘን ታሽጋ እኔ ሰኞ መዝገብ ቤት ገባሁ። ተቀይሜ ስለነበር ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ፋይል ስደረድር ዋልኩ፤ ለረጅሙ ባልደረባዬ ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ሰባቱ ቤቶች አንድ ቃል አልነገርኩትም። ይህ ጥፋት የእርስዎ አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ኩርፊያዬን ሳስታምም ረሳኋቸው። ማክሰኞም ረሳኋቸው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ትዝ አሉኝና እንዲያው ለወሬ ያህል የአረንጓዴውን በር ቁጥር ጠየቅኩት። ሰኞ ጠዋት አንብቦት ነበር፤ ጨዋ ልጅ ስለሆነ ቀዮቹን አኃዞች ጭምር ጽፏቸዋል፣ ስድስት መቶ አርባ ሁለት። ምሳዬን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። እሱም ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ተከተለኝ። ጎንበስ ብዬ መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት። ስድስት መቶ አርባ ሁለት። በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበርና ባልደረባዬ በአጥር ዘሎ ከፈተልኝ። ሰኞ ንጋት ላይ እማማ አዋላጅን የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ አዳልጧቸው ወድቀው፣ እግራቸውን እየጎተቱ እስከ አልጋቸው ሥር ደርሰዋል፤ በዚያ የነበረችውን አንዲት ፔርሙስ ውሃ እየቆጠቡ ጠጥተው ማክሰኞ ማታ ጨርሰዋታል። ጎረቤቶቻቸው የእሳቸው ድምፅ ሲጠፋ ልጃቸው መጥቶ የወሰዳቸው መስሏቸው ነበር፣ እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር። ስልካቸው ወጥ ቤት ነው የቀረው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ቢጠራ እሰማዋለሁ ብለው ጆሯቸውን ወደዚያ ጥለው እንደነበር ነገሩኝ። አልጠራም። ፀጉር አስተካካዩና ደንበኞቹ በፍራሽ ተሸክመው ወደ ክሊኒክ ሲወስዷቸው እማማ እጄን ይዘው አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ።

«ለልጄ እንዳትነግሪው፤ ሥራ ይበዛበታል» አሉኝ።

የእግራቸው አጥንት ተሰንጥቋል፤ ይድናል ተብሏል። አሁን በቤታቸው ናቸው፣ ጎረቤት እየተፈራረቀ ያድራል።

አምስተኛ፦ አምስተኛ የለኝም። ለአምስተኛ የሚሆን ጉልበት ስላጣሁ ነው እንጂ ነገር አልቆብኝ አይደለም። ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። የደከምኩት ከመንዳት አይደለም፤ ስነዳ ደክሞኝ አያውቅም። ያደከመኝ በቃኝ ያልኩትን ነገር አይበቃሽም እየተባልኩ ማስረዳት ነው። በመዝገብ ቤት የተሰጠኝ ወንበርም፣ ለማወቅ ከፈለጉ፣ ከፍ ያለ ስለሆነ እግሬ መሬት አይነካም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ፌንጣ ከመጋዘን ትውጣልኝ። በማኅደሬ ላይ ጀማሪ የሚለው ይቀመጥ፣ እስከ ጡረታዬ ጀማሪ ልባል፣ በየዓመቱም ፍሬን ምን እንደሆነ ልማር፤ ቅር አይለኝም። የመሥሪያ ቤቱ ገጽታ የሚጎዳ ከሆነ እንግዶች በሚመጡበት ቀን በሌላ መንገድ እሄዳለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ሰባቱን ቤቶች በየቀኑ የሚያይ ሰው በደብዳቤ ይመደብ፤ ዝርዝሩ በጥቁር ማስታወሻዬ ላይ አለ፣ ጽሑፌ ይነበባል። ረጅሙ ባልደረባዬ እስከዚያው በምሳ ሰዓቱ በእግሩ እየዞረ ያይልኛል። እሱም ምሳ መብላት አለበት።

በመጨረሻም፣ ስለ ዕድገቴ ላሳዩት አሳቢነት፣ ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ሦስቱ ማኅተሞች እንዲሁም መላው ሠራተኛ ቆሜ ስወድቅ እንዲያይ ስላመቻቹት መድረክ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። መምሪያዎ ይስፋ፣ መንገድዎ ሁሉ ሰፊና አስፋልት ይሁን፣ ከሚቀመጡበትም ላይ እግርዎ መሬት ይንካ።

ትእዛዝዎን ከማክበር ያልቦዘነችው፣ በማኅደሯ ጀማሪ፣ በጉልበቷ ጡረተኛ የሆነችው
የውሃ ቆጣሪ አንባቢ
(በአሁኑ ጊዜ መዝገብ ቤት፣ ከመስኮቱ በስተግራ)

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለመጋዘን ኃላፊው (የፌንጣን ባትሪ ቆሞ እንዳይሞት እንዲነቅልልኝ ከአደራ ጋር)
ለፀጉር አስተካካዩ

ማሳሰቢያ፦ ለእማማ አዋላጅ የገባሁትን ቃል አክብሬ ለልጃቸው የነገርኩት ነገር የለም፤ ማን እንደሆነም ለማንም አልተናገርኩም። ይሁን እንጂ የአረንጓዴው በር ቆጣሪ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ስለሆነ፣ ንባቡን ለደንበኛው ማሳወቅ ደግሞ በመመሪያ የተጣለብኝ ግዴታ ስለሆነ፣ እንደሚከተለው አሳውቃለሁ፦ ሰኞ ጠዋት 642፤ ማክሰኞ ያየው የለም፤ ረቡዕ ከቀትር በኋላ 642። ከዚያ ወዲህ ያለውን ራስዎ መጥተው ቢያነቡት መልካም ነው። መንገዱ ከጠፋብዎ በበሩ ላይ ያለውን ጭረት ይፈልጉ፤ አሁንም ቀለም አልተቀባም። መኪናዎን ከፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ትተው በትንሽ ሞተር ይግቡ፤ እስከ እናትዎ በር ለመድረስ ያን ጊዜም በቅታዎት ነበር።